ዝም ያለው ማሳ

አሶሳ፣ መጋቢት 8 ቀን 1987 ዓ.ም.

ውድ እንዳለ፣

የላክኸው ዕቃ በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ ደርሶኛል። ሳሙናው ተሰባብሯል፤ ትራንዚስተሮቹ ግን በካልሲ ስለጠቀለልካቸው ደህና ናቸው። የአዲስ አበባ ብርድ አላስቀምጥ አለኝ እያልክ አንድ እግር ካልሲ ወደ አሶሳ ሙቀት መላክህ ገርሞኛል። አጥቤ አስቀምጬልሃለሁ።

ስለ ሱቁ ለጠየቅከኝ፣ አልተዘጋም። መጀመሪያ ሰሞን ሰው «ባለቤትሽ የለም?» እያለ ሬዲዮኑን ይዞ ይመለስ ነበር፤ አሁን አስቀምጦልኝ ይሄዳል። ክልሉ አዲስ መሥሪያ ቤት በከፈተ ቁጥር አንድ የተበላሸ ቴፕ ይመጣልኛል። ለሥልጠና የላኩህ ሰዎችም ሰላም ብለውሃል።

የወርቅ መፈለጊያችን እንዲህ ሆነልህ። ጎረቤታችን ኻሚስ ከወንዙ አጥቦ ካወጣው ወርቅ የምስር ክክ የምታህል ቅንጣት ተቀብዬ አሸዋ ውስጥ ቀበርኩና ጥቅል ሽቦውን በላይዋ አሳለፍኩ። ከረንቱን የሚለቀውና የሚያቋርጠው ከቴሌቪዥን ያወጣነው ትራንዚስተር ሲሆን ምንም አይሰማም። ያ ትራንዚስተር ዝጋ ሲሉት ያመነታል፤ እሱ እስኪዘጋ የወርቋ ድምፅ መጥቶ ያልፋል። አንተ የላክኸውን ትንሹን ስተካ ግን ከረንቱ ቀጥ ብሎ ተቋረጠ፤ ማዳመጫው ውስጥም እንደ ትንኝ ያለ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ያልከው ትክክል ነበር። ደስታዬ ግን አልቆየም። ትራንዚስተሩ ተቃጠለ፤ ሁለተኛውን ስተካ እሱም ተቃጠለ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የቴሌቪዥኑን ትራንዚስተር መልሼ መሣሪያው ወደ ታች ጠልቆ እንዲሰማ ማድረግ ብፈልግ ምን ይደረጋል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

አባዬ ደህና ነው። ከፋሲካ በኋላ የታችኛውን ማሳ አርሳለሁ እያለ ነው። የኻሚስ አህያ ሞታለች።

ባለቤትህ የወርቅውሃ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 16 ቀን 1987 ዓ.ም.

የወርቅዬ፣

በትራንዚስተሮቹ አትዘኚ፤ ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ። ከረንቱ በድንገት ሲቋረጥ ጥቅሉ ከባትሪው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቮልቴጅ ይመልሳል። የቴሌቪዥኑ ይህን ይችለዋል፣ ትንሹ አይችለውም። ከጥቅሉ ጎን ማብረጃ ሬዚስተር እንድታደርጊ ልጽፍልሽ ይገባ ነበር። ሌላ ትራንዚስተር እስካገኝ መርካቶን እየዞርኩ ነው።

ጠልቆ እንዲሰማ ላልሽው፣ ጥቅሉን አስፊው፤ ወፍራም ሽቦ ተጠቀሚ፤ ከረንቱም ከመቋረጡ በፊት ረዘም ላለ ጊዜ ይፍሰስ። ግን ለምን አስፈለገሽ? የኻሚስ ወርቅ ያለው ጠጠሩ ውስጥ ነው፤ ከክንድ አያልፍም። ጥልቀት የሚያስፈልገው ትልቅ ነገር ለሚፈልግ ሰው ነው።

ከሞከርሽ የማዘግያውን ማዞሪያ ቀስ እያልሽ ወደ ቀኝ ውሰጂው። ከረንቱ ከተቋረጠ በኋላ መሣሪያው ምን ያህል ቆይቶ ማዳመጥ እንደሚጀምር የሚወስነው እሱ ነው። የወርቅ ቅንጣት ወዲያው ትጠፋለች፤ ሳንቲም ትንሽ ይቆያል። ድምፁ የት ላይ እንደጠፋ ጻፊልኝ፤ እኔ እዚህ ሆኜ ምን እንዳገኘሽ እነግርሻለሁ።

አብሮኝ የሚያድር ሌንጂሳ የሚባል የወለጋ ሰው አለ። በቀድሞው ጦር ውስጥ መሐንዲስ ክፍል ነበር። ስለ መሣሪያችን ሳወራው «እኛም እንዲህ ያለ ነበረን» አለና ወሬውን ወደ ሌላ አዞረው።

የኻሚስ አህያ ምን አግኝቷት ሞተች? ጤነኛ ነበረች።

እንዳለ


አሶሳ፣ መጋቢት 26 ቀን 1987 ዓ.ም.

ውድ እንዳለ፣

ጾሙን እንዴት ይዘኸዋል? ሌንጂሳ ፕሮቴስታንት ከሆነ ጾም የለበትም፤ ምግብ ቤት አብራችሁ ስትቀመጡ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙር።

ከተቃጠለው የወፍጮ ሞተር ሽቦ ፈትቼ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ዙሪያ ጠመጠምኩት። ሳፋው ከእንግዲህ ለልብስ አይሆንም። የቴሌቪዥኑ ትራንዚስተር ከረንቱን ረዘም አድርጎ ሲለቅ እጅ ያቃጥላል፤ ግን ችሎታል። ባትሪውን ኻሚስ ተሸክሞ ይከተለኛል።

ማዞሪያውን እንዳልከኝ አደረግኩ። አንደኛው ቦታ ላይ እስከ መጨረሻው ወሰድኩት፤ ድምፁ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ያለውም እንደዚያው። ሦስተኛው ቀጠነ እንጂ አልጠፋም። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ስጠጋው ጆሮ ይከብዳል። ምን ይመስልሃል? ገና አልቆፈርንም።

አህያ ይሞታል፣ እንዳለ። ዓኢሻ አሁን ውሃውን የምታመጣው በትከሻዋ ነው፤ ባሏ ኻሚስ ሌላ አህያ እስኪገዛም እንደዚሁ ትቆያለች።

ሌላ ወሬ የለም።

የወርቅውሃ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1987 ዓ.ም.

የወርቅውሃ፣

የቆምሽው ምን ላይ ነው?

ወርቅ እንዲህ አይጮህም። እንዲህ የሚጮኸው ወፍራም ብረት ነው፤ አህያዋንም የገደላት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ደብዳቤሽን ለሌንጂሳ አነበብኩለት። «ወንዝ ዳር ናት ወይስ ማሳ ላይ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ሚስቴ የት እንደቆመች አላውቅም ብዬ ለሌላ ሰው መናገር ምን እንደሚመስል አስቢው።

የታችኛው ማሳ ጦሩ ምሽግ የቆፈረበት አይደለም? ከ82ቱ ውጊያ በኋላ ማንም ወደዚያ እንዳይሄድ የከለከሉን አባባ ገበየሁ ራሳቸው አልነበሩም?

አትቆፍሪ። ኻሚስም እንዳይቆፍር። ማዳመጫውን አውልቂና ወደ ሱቅሽ ተመለሺ። የተቆጣሁ አይምሰልሽ። ጽሑፌ የተበላሸው ሾፌሩ ሳይነሳ ልደርስበት ስለምቸኩል ነው።

እንዳለ


አሶሳ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1987 ዓ.ም.

ውድ እንዳለ፣

ያልነገርኩህ ሥልጠናውን ጥለህ ትመጣለህ ብዬ ነው። አሁን ያለውን እንዳለ ልጻፍልህ።

አዎ፣ የታችኛው ማሳ ነው። የኻሚስ አህያ ገመዷን በጥሳ ገባች፤ ፍንዳታውን ከገበያ ድረስ ሰማነው። በዚያው ሰሞን ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ፣ ባለቤቱ ሳያርሰው የቆየ መሬት በዚህ ክረምት ለሌላ ሰው ይሰጣል አለ። አባዬ ከስብሰባው መጥቶ ሳይቀመጥ ሞፈር መጥረብ ጀመረ።

«ከወሎ አምጥተው መሬትህ ይኸውልህ አሉኝ። አሁን ደግሞ በቁሜ ሊወስዱት ነው?» አለ።

«አባዬ፣ አህያዋን አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ መጥረቡን ቀጠለ። እንደማላስቆመው ሳውቅ መሣሪያውን ይዤ ቀድሜው ገባሁ። ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር?

እኛ አልቆፈርንም። ድምፅ በተሰማበት ቦታ ሁሉ እንጨት እየተከልን ወጣን። ከጦር ሠፈሩ ሁለት ወታደሮች መጥተው ቆፈሩ፤ ከሦስቱም ቦታ የሞርታር ቅምቡላ ነው የወጣው። አባዬን የማሳውን የታችኛውን ግማሽ እንዲተወው ለመንኩት፤ እሺ አለኝ። የላይኛውን ግማሽ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ አሰስኩት። ዝም ነው። አባዬ የሚያርሰው ያንን ብቻ ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ ሳትቸኩል ጻፍልኝ። ነገሩ አልቋል። የፋሲካን ዶሮ ግን ያለ አንተ ማረድ ከብዶኛል።

የወርቅውሃ


አሶሳ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1987 ዓ.ም.

ውድ እንዳለ፣

ሾፌሩ ሊነሳ ስለሆነ አጭር ነው። አባዬ ዛሬ ጠመደ። ሱቁን ዘግቼ ማሳው ዳር ቆሜ አየሁት። በየትልሙ ጫፍ ላይ በሬዎቹን ሲያዞር ወደ እኔ ቀና ይልና «ዝም ነው?» ይለኛል። «ዝም ነው፣ አባዬ» እለዋለሁ። አባዬ ስለ እርሻ እኔን ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው።

አፈሩ ስለከረመ ለም ነው። ማሽላ ሊዘራበት ነው። ለጥቂት ቀን ያርሳል፤ ነገ እኔ ሱቅ እገባለሁ።

ከአንተ ደብዳቤ አልመጣም። ተቀይመሃል?

የወርቅውሃ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1987 ዓ.ም.

የወርቅውሃ፣

አባባ እያረሱ ከሆነ ሄደሽ አስቁሚያቸው። የቀረውን ከዚያ በኋላ አንብቢው።

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ለሌንጂሳ ሳነብለት ቅምቡላው ጋ ስደርስ አስቆመኝ። «ተቀብሮ የከረመ ቅምቡላ አህያ ስለረገጠው ብቻ አይፈነዳም» አለኝ። «አህያዋን የገደላት የእግር ፈንጂ ነው። የእግር ፈንጂ ደግሞ አንድ ብቻውን አይቀበርም።» ምን ያህል ብረት አለው ብዬ ጠየቅኩት። ከክብሪት ቀፎው አንድ እንጨት አወጣና ግማሹን ሰበረው። «ይህን የምታህል መርፌ። ሌላው ፕላስቲክ ነው» አለ።

ይህን የምታህል ብረት የምትሰጠው ድምፅ እንደዚያች የወርቅ ቅንጣት ያለ ነው። የቴሌቪዥኑ ትራንዚስተር አመንትቶ እስኪዘጋ መጥቶ ያልፋል። ጥልቀት ስትይኝ ለጥልቀት የሚሆነውን ነገርኩሽ። ያ መሣሪያ ለቅምቡላ ጆሮ አለው፤ ለመርፌዋ ግን ደንቆሮ ነው። የማሳው የላይኛው ግማሽ ዝም አላለም ማለት ሊሆን ይችላል። መሣሪያው አልሰማውም።

ስልክ ቤት ሄጄ ነበር፤ የአሶሳ መስመር ተቆርጧል አሉኝ። ሾፌሩ ይህን በእጅሽ ካልሰጠሽ በቀር ለማንም እንዳይተው አስምዬዋለሁ። ትንንሾቹን ትራንዚስተሮች አግኝቻለሁ፤ ሁለት ናቸው፤ ማብረጃ ሬዚስተሩም አብሮ አለ። ትንሹን ጥቅል ተጠቀሚ። ማዞሪያው እስከ መጨረሻ ወደ ግራ ይሁን። ጥቅሉን መሬቱን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጊው፤ ቀስ ብለሽ አንቀሳቅሺው። ወደ አባባ የምትገቢ ከሆነ እሳቸው በረገጡት ትልም ብቻ ግቢ።

ሌንጂሳ አጠገቤ ተቀምጧል። «ዝምታውን አትመኚው በላት» ይልሻል።

እንዳለ


አሶሳ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1987 ዓ.ም.

ውድ እንዳለ፣

ሁላችንም በሕይወት አለን።

ሾፌሩ እንደ መሐላው ሱቅ ድረስ መጣ። ኻሚስ ባትሪ ሊያስሞላ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ባትሪውን ባለበት ጥሎ ሮጠ። እኔም ልከተለው ወጥቼ ከመንገድ ተመለስኩ፤ ባዶ እጄን ብደርስ አባዬ አይሰማኝም፤ ቢሰማኝም በየት በኩል ላውጣው? ትራንዚስተሩን ለመበየድ ተቀመጥኩ። መበየጃው እስኪግል የጠበቅኩትን አልነግርህም። ፍንዳታ ቢኖር እንዲሰማኝ ሬዲዮኖቹን ሁሉ አጠፋሁ፤ ብሰማው ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም።

ስደርስ ኻሚስ ከበሬዎቹ ፊት ቆሟል። በኋላ እንደነገሩኝ፣ መጀመሪያ ከዳር ሆኖ «አባ ገበየሁ፣ በሬ አቁም፤ መሬት መጥፎ ነው፤ ልጅህ ይመጣል» ብሎ ተጣርቷል። አባዬ መሬቱን ለራሱ የፈለገው መሰለው። «አንተም እንደ ቀበሌው አትረስ ልትለኝ ነው የመጣኸው?» ብሎት በሬዎቹን ነዳ። ያኔ ኻሚስ ያልታረሰውን መሬት አቋርጦ ሄደና ፊታቸው ተገተረ።

«ወላሂ አልነሳም» ይለዋል። «መጀመሪያ እኔን እረስ፣ ኸላስ፣ በቃ።»

አባዬ በረገጠው ትልም ገባሁ። «አባዬ፣ ማሳው ዝም አላለም» አልኩት። «መሣሪያው ነው ያልሰማው።» አባዬ ፊቴን አየ፤ ከዚያ ኻሚስ የቆመበትን መሬት አየ። ዕርፉን ለቀቀው።

«ኻሚስ፣ እንዳትነቃነቅ» አልኩት።

«አልነሳም አልኩ እኮ» አለኝ። ገና ከአባዬ ጋር የሚከራከር ነበር የመሰለው።

ከትልሙ ጠርዝ ጀምሬ ወደ እሱ አሰስኩ። እስከ እግሩ ድረስ ምንም የለም። ከግራ ተረከዙ ጀርባ፣ ስንዝር በማትሞላ ቦታ ላይ ግን ያቺ የትንኝ ድምፅ መጣች። ማዞሪያውን ወደ ቀኝ ነካ ሳደርገው ጠፋች፤ ስመልሰው መጣች። ሲመጣ አልፏት ነው የቆመው። መሣሪያውን ደግሜ ሳሳልፈው ኻሚስ ነገሩ ገባው።

«የት?» አለኝ።

«ከኋላህ። ቀጥታ ወደ እኔ ና። ዞረህ አትይ።»

ቀኙን አነሳ፤ ከዚያ ግራውን። ትልሙ ውስጥ ሲደርስ ቁጭ አለ። አባዬ ቀንበሩን ፈትቶ በሬዎቹን በመጡበት መለሳቸው። ሞፈሩና ማረሻው እዚያው ተተክለው ቀሩ።

ወታደሮቹ አወጧት። የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ታክላለች። በታረሰው በኩል ሌላ ሁለት አገኘሁ። አንዷን ማረሻው ከነአፈሩ ገልብጧት አልፏል። አባዬ ዝም ነው ወይ እያለ ሲጠይቀኝ በዋለበት ትልም ላይ ነች።

አትምጣ። ሥልጠናህን ጨርስ።

የወርቅውሃ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 3 ቀን 1987 ዓ.ም.

የወርቅዬ፣

ከመጀመሪያው መስመር በኋላ ያለውን ያነበበልኝ ሌንጂሳ ነው። ከበሬዎቹ ፊት ስለቆመው ሰው ሲያነብ ወረቀቱን አስቀምጦ ወጣ፤ ቆይቶ ተመለሰና ጨረሰው። ጦሩ ውስጥ ስለነበረው ሥራ ከእንግዲህ አልጠይቀውም።

ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ ሰጥተውኝም ነበር። ሻንጣዬን አስሬ ከጨረስኩ በኋላ «አትምጣ» ያልሽውን ደግሜ አየሁት። እውነት አያስፈልግም? ወይስ ስመጣ የማየው ሌላ ነገር አለ?

ኻሚስ እንዴት ሆነ? ዓኢሻስ ምን አለች? መሬቱንስ ቀበሌው ወሰደው? አባባ ምን ይላሉ? እባክሽ ያልነገርሽኝ ነገር ካለ በዚህ ደብዳቤ ይለቅ።

እንዳለ


አሶሳ፣ ግንቦት 12 ቀን 1987 ዓ.ም.

ውድ እንዳለ፣

ያልነገርኩህ ነገር አንድ ነው፤ እሱንም ልንገርህ። ዓኢሻ አኩርፋኝ ነበር። ባሏን የላከችበት ሱቅ የኔ ነው፤ ተመልሶ የመጣው ግን ከድንጋጤው የተነሳ መቆም የማይችል ሰው ሆኖ ነው። በመንገድ ስታልፈኝ ዓይኗን ትሰብር ነበር። ባለፈው ሳምንት ራሷ መጣችና «ወደ ውሃ የምንወርድበት መንገድ ንጹሕ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። «እንግዲያው እወቂልን» አለችኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት ከወታደሮቹ ጋር ያንን መንገድ እያሰስኩ ነው። ፈቃድህን እየጠየቅኩህ አይደለም፤ እንድታውቀው ነው። ትራንዚስተር ካገኘህ ላክልኝ፤ አንዱ መጋል ጀምሯል።

የቀበሌው ሰዎች መጥተው ማሳውን ከዳር አዩና ሄዱ። የወሰደው የለም፤ ማን ይወስደዋል? ወታደሮቹ በእሾህ አጥረውታል። አባዬ ለዚህ ክረምት መሬት የለኝም ብሎ ተኝቶ ነበር። ኻሚስ ምርኩዝ ይዞ መጣና በሩ ላይ ቆመ። «አንተ በሬ አለህ፣ እኔ መሬት አለኝ» አለው። «እኔ በዶማ ነው፤ ትንሽ ነው የምቆፍር። አንተ እረስ፣ ምርቱ እኩል ነው።» አባዬ ቀና ብሎ አላየውም። ብቻ «ግባና ተቀመጥ» አለው።

ትናንት አባዬ በሬዎቹን ከመንዳቱ በፊት ወደ እኔ መጣና «ያቺን ድምፅ አሰሚኝ» አለኝ። ግቢው ውስጥ የመርፌ ስባሪ ቀበርኩ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግኩለትና ጥቅሉን በላይዋ አሳለፍኩ። ከማዳመጫው የሚያመልጠው ድምፅ እኔ ከቆምኩበት ይሰማኛል። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።

«አሁን አለ?»

«አለ፣ አባዬ።»

«ምንም አይሰማኝም።»

ድምፁን ከፍ አድርጌ ደግሜ አሳለፍኩ። ራሱን ነቀነቀ። ጆሮው እንደደከመ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱ ግን አምኖ አያውቅም። ማዳመጫውን አውልቆ በእጁ ያዘው።

«ያን ቀን ዝም ነው ስትዪኝ አንቺም እንዲህ ነበርሽ?» አለኝ።

«እንዲህ ነበርኩ፣ አባዬ።»

ማዳመጫውን መለሰልኝና በሬዎቹን ይዞ ወደ ኻሚስ እርሻ ወረደ።

የወርቅውሃ